ጃዝና እኛ፦ ሥጋ ወይስ ጋብቻ?

በእስራኤል፣ በሐዴራ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ሙዚቃ የሚወዱ የእኛ የኢትዮጵያ ተወላጆች ተሰብስበው የኢትዮ-ጃዝ ጀማሪው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ከተከፈተ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አንዱ «ጃዝ ከእኛ የወጣ ነው፤ ፈረንጅ ወስዶ ስም ለወጠለት» ይላል። ሌላው «በባርነት የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ያቆዩት ነው፤ እኛ ምን አግብቶን?» ብሎ ይመልሳል። እዚሁ እስራኤል ተወልዶ ያደገው ወጣት ሁለቱንም አዳምጦ ሲያበቃ «ታዲያ እናቴ የምትከፍተውን ባቲ ስሰማ ለምን ብሉዝ ይመስለኛል?» ይላል። እኔን ያነሣሣኝ የወጣቱ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ የሚሟገቱት ስለ ባለቤትነት ሲሆን እሱ ግን ጆሮው ስለሰማው ነገር ነው የሚጠይቀው።

የማምነውን ሳልደብቅ ልጀምር። ኢትዮጵያ የጃዝ እናት አይደለችም። የትውልድ ቤቱን ሄደን ብንቆጥር ከእኛ ወገን የምናገኘው ሰው የለም። ይሁን እንጂ ከጃዝ ጋር ተጋብተናል፤ ጋብቻውም ቀኑ፣ ቦታውና ሽማግሌዎቹ የሚታወቁ፣ ልጅም የተወለደበት ነው። ከመጋባቱ በፊት ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ የሥጋን ዘመድና አማትን ለይቶ ያውቃል፤ አማት ደግሞ በእኛ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም። የማናረጋግጠውን የሥጋ ዝምድና ስናሳድድ በእጃችን ያለውን ይህን ጋብቻ እንዳንጥለው እሰጋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

እንግዲህ ከሥጋው እንጀምር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የተመላለሱት የባሪያ መርከቦች አብዛኛውን ሰው የጫኑት ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ካለው ጠረፍ ነው። ከእኛ አካባቢ የተሸጡት ብዙዎቹ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ዓረቢያና ወደ ግብፅ፣ አንዳንዶቹም እስከ ህንድ ድረስ ተወሰዱ። ስለዚህ ጃዝ በተወለደባት በኒው ኦርሊንስ ከተማ እሑድ እሑድ ኮንጎ አደባባይ በሚባለው ሜዳ ተሰብስበው ከበሮ ይመቱ የነበሩት ሰዎች የወንዛችን ልጆች አልነበሩም። ያ ሜዳ እንደ ብርቅ የሚነሣው በሌላው ቦታ ክልከላው ጽኑ ስለነበረ ነው። በደቡብ ካሮላይና በ1739 ባሮች ከበሮ እየመቱ ካመፁ በኋላ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከበሮን ከለከለ። ከበሮው ቢቀማም ምቱ አልቀረም፤ ወደ ጭብጨባ፣ ወደ እግርና ወደ ጉሮሮ ገባ።

ይህ ውርስ ተርፏል ወይስ ጠፍቷል የሚለው ጉዳይ የአሜሪካን ምሁራንም ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። ሜልቪል ሄርስኮቪትስ የተባለ አይሁዳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ የአፍሪካ ልማድ በአሜሪካ ጥቁሮች ሃይማኖት፣ ሙዚቃና ኑሮ ውስጥ በሕይወት አለ ብሎ ተሟገተ። ጥቁሩ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፍራንክሊን ፍሬዚየር ደግሞ ባርነት ሁሉን ጠራርጎታል ብሎ ተቃወመው። ባዕዱ «ተርፏል» ሲል የቤቱ ልጅ «አልተረፈም» ማለቱ እንግዳ ይመስላል። ፍሬዚየር ግን ምክንያት ነበረው፤ «አፍሪካውያን ናቸው» የሚለው ቃል «አሜሪካውያን አይደሉም» ለሚሉት ሰዎች ዱላ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ያንን ፍርሃት ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

በሙዚቃው በኩል ዛሬ ሚዛኑ ወደ ሄርስኮቪትስ ያደላል፤ አፍሪካ ግን አንድ አይደለችም። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ጌርሃርድ ኩቢክ በ1999 በብሉዝ ላይ ባወጣው ጥናት የብሉዝን ዋና ምንጭ የፈለገው ከበሮ በሚደምቅበት ጠረፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ባለው የሣር ምድር፣ ከማሊ እስከ ሰሜን ናይጄሪያና ካሜሩን ባለው አገር ነው። በዚያ አንድ ሰው ብቻውን ክር ያለው መሣሪያ ይዞ፣ ድምፁን እያወዛወዘና እየሰበረ፣ ለጌታም ለድሃም ያዜማል። ይህን ሲሰማ አዝማሪና ማሲንቆ ትዝ የማይለው ጎንደሬ ካለ ጆሮው ታሟል ማለት ነው! ሆኖም የማሊው ሰው የእኛ አዝማሪ ቅጂ አይደለም፤ የእኛም አዝማሪ የእሱ ቅጂ አይደለም። አንድ ዓይነት ኑሮ አንድ ዓይነት ሙያ ያበቅላል።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ ልመለስ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ባቲ ለምን ብሉዝ ይመስላል? ፒያኖ ያገኘ ሰው ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ ይንካ። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ ከግራው ጀምሮ ወደ ቀኝ አምስቱን በተከታታይ ቢመታ ትዝታን ይሰማል፤ ሜጀር የሚባለውን ትዝታ ማለቴ ነው። ከጥቁሮቹ ሳይወጣ መነሻውን ከሁለቱ ወደ ቀኙ ቢያዛውር ደግሞ ባቲ ማይነርን ያገኛል። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው ብሉዝ ጊታር የሚጀምር ተማሪ በመጀመሪያ የሚያጠናቸው። ወጣቱ አልተሳሳተም፤ ድምፆቹ አንድ ናቸው።

ይህ ግን ዝምድናን አያስረዳም። እነዚሁ ጥቁር ቁልፎች የቻይናንም የስኮትላንድንም ዜማ ይሰጣሉ፤ ስኮትላንድም ብሉዝ ከእኛ ወጣ አላለችም። ለእኛ የተለየው ሌላው ወገን ነው። የቀሩት ሁለቱ ቅኝቶች፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በጥቁሮቹ ብቻ አይወጡም፤ እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች አሉባቸው። የውጭ አገር ሙዚቀኛ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ሰምቶ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚለው በባቲ ሳይሆን በአንቺ ሆዬ ነው። የሙላቱም ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከአምስት ድምፅ ዜማ በታች ከምዕራቡ አሥራ ሁለት ድምፆች የተወጣጣ ኮርድ ሲደረደር ቅኝቱ ጣዕሙን አጥቶ ተራ ዜማ ይሆናል፤ ጣዕሙ ሳይጠፋ መደርደር ነው ሙያው።

በባለቤትነቱ ክርክር ሙላቱ ራሳቸው ግን ከእኔ ርቀው ይሄዳሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ በጊዶሌ አካባቢ የሚኖሩት የደራሼ ሕዝቦች ፊላ በሚባለው የቀርከሃ ዋሽንታቸው የጃዝ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከርና የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲው ደቡሲ የተመሰገኑበትን፣ ዲሚኒሽድ ስኬል የሚባለውን የድምፆች ድርድር ከእነሱ በፊት ይጫወቱት ነበር፤ ስለዚህ የአፍሪካ ድርሻ ተመዝግቦ ይከፈላት ብለው ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። ለፊላ ክብር እንዲሰጥ በመጠየቃቸው ከልቤ አብሬያቸው ነኝ። ክርክሩ ላይ ግን እለያለሁ። ቀድሞ መያዝና መስጠት ሁለት ነገር ናቸው። ፓርከር ከደራሼ አልሰማም፤ ደራሼዎችም ከእሱ አልሰሙም። ፊላን ታላቅ ያደረገው ፓርከርን መቅደሙ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ቀርከሃ ይይዛል፤ ዜማው የሚፈጠረው ብዙ ሰው በየተራው፣ አንዱ በሌላው ክፍተት እየገባ ሲነፋ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ዜማ የለውም።

እዚህ ላይ የዚህን አገር አንድ ሰው ታሪክ ማስገባት አለብኝ፤ ጥቂት ቢረዝም ታገሡኝ። ሲምሐ አሮም በ1930 በጀርመን የተወለደ፣ ኋላም እስራኤል ገብቶ በሬዲዮው ኦርኬስትራ ውስጥ ሆርን የሚነፋ ሙዚቀኛ ነበር። በዚያ ዘመን እስራኤል አዲስ ነፃ ለወጡ የአፍሪካ አገሮች የእርሻ፣ የጤና፣ የውትድርና ባለሙያ ትልክ ነበርና፣ በ1963 አሮምን ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ላከችው። ተልእኮው የነሐስ መሣሪያ ባንድ ማቋቋም ነበር። እዚያ ሲደርስ ባንዳ ሊንዳ የሚባሉ ሕዝቦች ከዛፍ ሥርና ከቀንድ በተሠሩ መለከቶች የሚጫወቱበትን ትልቅ የነፊዎች ጓድ አገኘ። እንደ ፊላ ሁሉ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ሁሉም ሲገጥም ግን አውሮፓ ተምሮ የመጣው ሆርን ነፊ ሊፈታው ያልቻለ ሽመና ይሆናል። ሊያስተምር ሄዶ ተማሪ ሆነ።

ሽመናውን ለመፍታት የዘየደው ዘዴ ብልህ ነው። መጀመሪያ ጓዱን ሁሉ አንድ ላይ ቀዳ። ከዚያ አንዱን ነፊ ለብቻው አስቀምጦ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ እያሰማው የራሱን ድርሻ ብቻ እንዲነፋ አደረገና ያንን ለየብቻ ቀዳ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ዓመታት የፈጀው ይህ ሥራ በ1985 በፈረንሳይኛ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ታላላቅ የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎችም ተማሩበት።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ሌላው ቅጂው ነው። አሮም ከባልደረባው ከዤንቪዬቭ ቶሬል ጋር የቀዳው የባ-ቤንዜሌ ፒግሚዎች ሙዚቃ በ1966 በሸክላ ወጣ። በውስጡ ሂንደዌሁ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ነፊው አንድ ድምፅ ያላትን ፉጨት ይነፋል፣ ወዲያው በአፉ ያዜማል፣ መልሶ ይነፋል። በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ሄርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሃንተርስ» የተባለውን ሸክላ ሲሠራ «ዋተርሜሎን ማን» የሚባል የቀድሞ ሥራውን በዚህ ዘዴ ከፈተው፤ የባንዱ አባል ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ እየነፋና እያዜመ። ሸክላው በጃዝ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ። ባ-ቤንዜሌዎቹ በደራሲነት አልተመዘገቡም። ስቲቨን ፌልድ የተባለ ተመራማሪ በኋላ ሃንኮክን ስለዚህ ጠይቆት ነበር፤ መልሱ ነገሩ የወንድማማች ነው የሚል ይዘት ነበረው። መልሱ ያምራል፤ ግን ወንድም ከወንድሙ ሲወስድ ቢያንስ ስሙን ይጠራል እላለሁ።

የጃዝ አፍሪካዊ ሥር የሚባለው ነገር ታዲያ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ በደም ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሳይሆን፣ አንድ እስራኤላዊ ሆርን ነፊ የቀዳውን ሸክላ አንድ አሜሪካዊ ሰምቶ የሠራው ነው። ሥሩ ኋላ የተተከለ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ አያሳፍርም። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬንም በ1961 አፍሪካን በስሟ የጠራ ሸክላ ሲያወጣ፣ ፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተንም ሞሮኮ ሄዶ ሲኖር፣ ዘመድን ራሳቸው ነው የፈለጉት።

1973ን ካነሣን አይቀር ትንሽ እንቆይበት፤ ይህን ዓመት እወደዋለሁ። ሃንኮክ ሸክላውን ባወጣበት ዓመት የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የዳን ነገድ ልጆች መሆናችንን ወሰኑ። በዚያው ዓመት ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ የተባለች ወጣት አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ጎንደር ሄዳ የቤተ እስራኤል ቄሶችን ጸሎት ትቀዳ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ የጃዝ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገባ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ሸለሙት።

የሸለሜይ ነገር ክርክሩን ወደ ገዛ ቤታችን ያመጣዋል። በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ የቤተ እስራኤል ጸሎት ከኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ጸሎት ጋር እጅግ የተሳሰረ ነው አለች። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ጥያቄ የጃዝ ወዳጆች ከቡና ጋር የሚያነሡት ጨዋታ መሆኑ አበቃ፤ የሰው ሃይማኖትና ማንነት የሚመዘንበት ሆነ። በዚህ አባባሏ ቅር የተሰኙትን እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከጃዙ ክርክር የተማርነው እዚህም ይሠራል። ጎረቤቶች በአንድ የግዕዝ ቋንቋ ጸልየው፣ በአንድ አገር አየር አዜመው፣ ዜማቸው ባይወራረስ ነው የሚገርመው። መመሳሰሉ የማንንም እምነት አይሰርዝም። የቄሶቻችን ነጋሪትና ቃጭል የሚመታው ለማን እንደሆነ የሚመቱት ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጋብቻው። ሽማግሌው የመጣው ከዚሁ ከኢየሩሳሌም ነው። በ1924 ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከቱርክ እልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲቀበሏቸው ሰሙ። ወደዷቸውና አርባዎቹን አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» ይባላሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1955 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለትልቅ ባንድ እየጻፈ፣ ሳክስፎንና ትራምፔት ትዝታንና አንቺ ሆዬን እንዲናገሩ አለማመደ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። መለከቱ ለሰልፍ መጥቶ ለዳንስ ቀረ።

ሙላቱ የመጡት በዚህ በተጠረገ መንገድ ላይ ነው። ጅማ ተወልደው፣ በዌልስና በለንደን ተምረው፣ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ባወጡት ሸክላ የሀገራችን ፉከራ በስፓኒሽ ሲዘፈን ይሰማል። ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን ከብዙ ቁም ነገር ካዘሉ ሸክላዎች ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ፤ የሙሽሮቹን ድንጋጤ ያሳያልና። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ኩባንያውን ከፈተ። ጉዞው እስከ አብዮቱ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው የሙላቱን ቅጂዎች በ1998 መልሶ አወጣቸው፤ በ2005 አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ተጠቀመባቸውና ዓለም ደነገጠ። እዚህ አገር ብዙ ወጣቶች የወላጆቻቸውን ዘመን ሙዚቃ ያወቁት ከወላጆቻቸው ሳይሆን በዚህ በሩቁ መንገድ ነው።

ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን ሳልጠራ ባልፍ ግን እወቀሳለሁ። ጌታቸው ሽለላን ከአፍ ወደ ቴነር ሳክስፎን አዛወረው፤ ያ የሚጮኸው፣ የሚያጓራው፣ የሚፎክረው ድምፅ አውሮፓውያንን አሜሪካዊውን የጃዝ ሳክስፎኒስት አልበርት አይለርን አስታወሳቸው። ጌታቸው ግን እንደ አይለር ካለ አሜሪካዊ አልተማረም፤ የተማረው ከሽላዮች ነው። በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ሸክላ ሲያወጣ የፈረንጆቹ የፓንክ ጊታር እና የይፋቱ ልጅ ሽለላ ምንም ሳይከባበዱ ተግባቡ። መመሳሰል ያለ መነካካት እንደሚፈጠር ማስረጃ የሚፈልግ ጌታቸውንና አይለርን ይስማ።

በዚህ አገርስ? ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኗቸውን ጃዝ የሚለው ብዙ ነው፤ እኔ አልልም። ካይሮ በክላሲካል ሙዚቃ የሠለጠነ እጅ ነው፤ ጃዝ የመሰለው የቅኝቱና የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ነፃነት ነው። አባተ በሪሁን ግን ያለ ጥርጥር ጃዝ ነው። በ1999 ወደ እስራኤል የመጣ ሳክስፎኒስት ሲሆን፣ ከፒያኒስቱ ይስሐቅ የዲድ ጋር በራስ ዳሽን ስም ባወጡት ሥራ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን፣ ያለ ከበሮ፣ የእኛን ዜማ ይዘው እስከ ጫፍ ሄደዋል። አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ በሠርግ ላይ አይከፈትም። ዘፋኟ አስቴር ረዳ የሙሉቀን መለሰንም የኒና ሲሞንንም ዘፈን በአንድ ጉሮሮ ትዘፍናለች። የቴል አቪቩ ሁድና ኦርኬስትራ ደግሞ ከሙላቱ ጋር ሠርቶ በ2024 ሸክላ አወጣ፤ ልጆቹ አብዛኞቹ ከእኛ ወገን አይደሉም፤ ቅኝቱን ግን አጥንተውታል። «የእኛን ወሰዱ» የሚል ቅሬታ ሰምቻለሁ። ስም ጠርተው፣ ባለቤቱን ጋብዘው፣ አብረው ከሠሩ ምን ወሰዱ? ሃንኮክ ያልከፈለውን ከፍለዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲምሐ አሮምና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እዚህ እስራኤል ቄሶችን ሰብስበው የቀዱት ጸሎት በ2019 በኢየሩሳሌም ታትሟል። ያ ባንዳ ሊንዳን የፈታ ጆሮ የእኛን ቄሶች ሰምቶ፣ አንዱ ሲመራ ሌሎቹ ሳይጨርስ የሚደርቡበትን፣ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚወጣበትን ዜማ መዝግቧል። ከዚህ አዳራሽ ስንት ሰው ሰምቶታል? ጃዝ ለማድረግ አይደለም የምጠይቀው፤ ጸሎት ነውና ይከበር። ሳክስፎን የሚማረው ልጃችን ግን ከኮልትሬን በፊት ባይሆን እንኳ ከኮልትሬን ጎን ቢሰማው መልካም ነው።

ንግግሩ ይብቃኝና ወደ ማዳመጡ እንሂድ። በቅድሚያ የባንዳ ሊንዳን መለከት፣ ቀጥሎ የደራሼን ፊላ፣ ከዚያ የሃንኮክን ጠርሙስ፣ ከዚያም የጌታቸውን ሽለላ እከፍታለሁ። «ጃዝ ከእኛ ነው» የሚል ወገን ከዚያ በኋላ ይነሣና ይሟገተኝ፤ ፊላው ሳያልቅ ግን ማንም እጁን እንዳያወጣ።